ያለ ጫማዬ አልሄድም

በጥር ወር ነገሌ ውስጥ ካፖርት የሚፈልግ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሊሄድ ነው። ሀረገወይን ጣሰው ልትሄድ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ከተመረቀች ዓመት ሳይሞላት ኖርዌይ የሚወስዳት የሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል አገኘች። ስለ አገሩ የነገሯት አጭር ነው፤ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ በደንብ ልበሺ።

በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ሱቆች አዳረሰች። ያለው ሸበጥ፣ ሸራ ጫማና ስስ ሸሚዝ ነው። አንዱ ባለሱቅ የዝናብ ልብስ አራግፎ አሳያት።

«ይኸው ካፖርት።»

«ይኼ ላስቲክ ነው።»

«ብርድ በላስቲክ ያልፋል እንዴ?»

ወጣች። ለክርክር ጊዜ አልነበራትም።

ካፖርቱ ከቤቷ ተገኘ። አባቷ ሃምሳ አለቃ ጣሰው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው፤ ስለ ኮሪያ ግን አያወሩም። ከአልጋቸው ሥር የተቀመጠውን ሳጥን ጎትተው ወፍራም አረንጓዴ ካፖርት አወጡና ጭኗ ላይ አኖሩት።

«እዚያ ያተረፈኝ ይኼ ነው» አሉ።

በሚኖሩበት የጦር ካምፕ ልብስ የምትሰፋው ትርንጎ ትከሻውን አጠበበችው፤ ወገቡን ሰበሰበችው። ሀረገወይን መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች። አምሮባታል። የቀረው ጫማ ነበር።

ለጫማው ስትል ነው የዋቆን የቆዳ መጋዘን የረገጠችው። የዋቆ ልጅ ጎሊቻ ከአሬሮና ከተልተሌ ቆዳ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ድረስ ይጭናል። ጨው በተነሰነሰበት ቆዳ ክምር መሀል ቆሞ ተቀበላት።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ። ሱፍ ያለው የበግ ቆዳ ፈልጌ ነበር።»

«የእኛ በግ እንደ እኛው ነው፣ ብርድ አያውቅም። ፀጉር እንጂ ሱፍ የለውም።»

«ታዲያ ቆዳ ነጋዴ ምን ይሠራል?»

«ሱፍ ያለበትን አገር ያውቃል።»

መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቀች።

አዲስ አበባ የሚያውቀው ጫማ ሰፊ አለ። ደጋ ድረስ ልኮ ሱፍ ያስመጣል፤ ልኳን ብቻ ትስጠው። መጠቅለያ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶ ተንበረከከ፤ እሷም ሸበጧን አውልቃ ቆመችበት።

«ተረከዝ ይኑረው፣ ግን አይርዘም» አለች ከላይ። «ጣቴን አይጨቁነኝ። የወታደር ጫማም እንዳይመስል።»

«ለሠርግ ነው ለበረዶ?»

«ለበረዶ።»

እርሳሱ በእግሯ ዙሪያ ቀስ እያለ ዞረ። እጁ አልነካትም። ተረከዟ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ሄደ። ሁለቱም ወረቀቱን ብቻ አዩ።

ጫማው ጊዜ እንደሚወስድ ነግሯታል። እሷ ግን «ደረሰ ወይ?» እያለች ትመላለስ ጀመር። ጥያቄው ባለቀ ቁጥር ኦሮምኛ ያስተምራት ነበር። ቶሎ ትይዛለች፤ ችግሯ ቶሎ መናገሯ ነው። የቃሉን መጨረሻ ትውጠዋለች።

አባቷ ይህን ሰሙ። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ቆዳ ላይ ልትቀመጪ አይደለም» አሏት። በዚያው ሳምንት ግን ሁለት ጊዜ ሄደች።

አንድ ቀን ጎሊቻ ገመድ እየቋጠረ፣ ሳያያት ጠየቃት።

«መንገዱ ረጅም ነው። ሰው አብሮሽ ቢኖርስ?»

አውቶቡሱን የሚል መሰላት። ሊሸኛት ነው እንግዲህ። ከዚያ ይልቅ ስትለማመደው የሰነበተችውን የኦሮምኛ ዓረፍተ ነገር ልታሰማው ቸኮለች። «ያለ ጫማዬ አልሄድም» የሚል ቀልድ ነበር።

«ኮጳ ኮ መሌ ሂንዴሙ» አለች።

የጎሊቻ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ፊቷን አየ፤ ቀልድ ፈልጎ ይሁን ሌላ፣ አላወቀችም። ከዚያ፣ «እሺ» አለ። ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሄደች ቁጥር ጎሊቻ ወይ አሬሮ ሄዷል ወይ ተልተሌ። ጫማውንም ይዘው የመጡት እናቱ እማማ ጉያቱ ነበሩ።

ከጨርቁ ፈታችው። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ አጭር ተረከዝ ያለው፤ ውስጡ ነጭ ሱፍ። እግሯን ስታስገባ ጣቷ አልተጨቆነም። ያለችውን አንድም አልረሳም።

«እሱስ እማማ? ለምን አልመጣም?»

«አንቺ አይደለሽ የተናገርሽው?» አሉ ጉያቱ። «ልጄ ቃል ያከብራል።»

«ምን ተናገርኩ?»

«ኮጳ ኮ መሌ ሂንዴሙ አልሽ።»

«አዎ፣ ያለ ጫማዬ አልሄድም አልኩት። ምን ነውር አለው?»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጫማ ኮጴ ነው፣ ልጄ። ኮጳ ማለት ብቻ ነው። ‘ብቻዬን ካልሆነ አልሄድም’ ነው ያልሽው። ሽማግሌ ሊልክ ቡናና ትምባሆ ገዝቶ ነበር። እኛ ዘንድ የልጅቷ አባት ትምባሆውን ከወሰደ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። አሁን ሳጥን ላይ እየደረቀ ነው። ልጁም ቆዳ እየጫነ ነው፤ ዛሬውኑ ይነሣል። አንቺ እስክትሄጂ አይመለስም።»

ሀረገወይን ምላሷን ሁለተኛ ጊዜ አላመነችውም። ጫማውን እንደተጫማች ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደችና እስከ አንገቷ ቆለፈችው። እኩለ ቀን ነበር። ከካምፑ በር እስከ መጋዘኑ በቀዩ አቧራ ላይ ስትሄድ ከየጥላው ሥር ሰው ብድግ አለ።

«ሃምሳ አለቃ ጣሰው ኮሪያ ተመለሱ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተዋት፣ ወባ ይዟት ነው» አለ ሌላው።

አልዞረችም። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል።

ጎሊቻ መኪናው ላይ ሆኖ ቆዳ ይቀበል ነበር። ሲያያት የያዘው ቆዳ ከእጁ ወረደ። እሷም አንድ እግሯን አነሣች።

«ኮጴ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ መጨረሻውን ሳትውጥ።

ጎሊቻ ጫማውን አየ፤ እሷን አየ። ከመኪናው ወረደ።

«ያን ቀን ኮጳ አላልሽም?»

«አፌ ነው ያለው። እኔ ኮጴ ነው ያልኩት።»

«ካፖርቱን አውልቂ፣ ትሞቻለሽ።»

«አስቀድመህ ያን ቀን የጠየቅከኝን ጠይቀኝ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገዱ ረጅም ነው። ሰው አብሮሽ ቢኖርስ?»

«ይኼኛውን ብቻዬን እሄዳለሁ። ትምህርቴን አልተውም» አለች። «ስመለስ ግን ብቻዬን መኖር አልፈልግም።»

ጎሊቻ ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ያን ቀን አልተነሣም።

በማግስቱ አጎቱ ዳዳቻ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ቡናውንና የተጠቀለለውን ትምባሆ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አንቱ ልጅ አለዎት፣ እኛም ልጅ አለን» አሉ ዳዳቻ።

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ትምባሆውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እጃቸውን አልዘረጉም።

«መንገደኛ አይዳርም» አሉ በመጨረሻ።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። ጠዋት ሀረገወይን ስትነሣ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። መልሰውላቸዋል ብላ አሰበች። ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ያን «አይሆንም» ከአፋቸው ሰምታ መንገድ መውጣት አልፈለገችም።

አውቶቡሱ ጋ ጎሊቻ ራቅ ብሎ ቆሟል። አባቷ ስላሉ አልተነጋገሩም። እሱ ግን ወደ እግሯ አየ። በዚያ ሙቀት ጫማውን ተጫምታዋለች።

አባቷ ካፖርቱን አጣጥፈው ሰጧት።

«ሲበርድሽ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

ኖርዌይ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ነፋሱ ፊቷን እንደ ጥፊ መታት። ሁሉም ነገር ነጭ ነበር። ካፖርቱን ለበሰች፤ እጇን ኪሷ ከተተች። ጣቷ አንድ የደረቀ ነገር ነካ።

አወጣችው። የተጠቀለለው ትምባሆ ነበር።

በረዶው ላይ እንደቆመች ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አስነጠሳት፤ ደጋግሞ አስነጠሳት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይማርሽ» የሚላት አልነበረም። ኮጳዋን ነበረች።

ኮጴዋ ግን ይሞቅ ነበር።