ያልተደገመች ጉርሻ

ዶክተር ብዙነህ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤቱ ክትፎ በቆጮ ምሳ በልቶ፣ ሲያስመልሰው ሰንብቶ ሞተ። ሐኪሞቹ «የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው» አሉ። ምሳውን የሠራችው ሚስቱ እታለም ናትና፣ የሟች ወንድም ጠና ከጊምቢቹ ገስግሶ መጥቶ «ደሙን ካልመለስኩ ወንድ አይደለሁም!» እያለ ደጇ ላይ ይፎክራል።

ኢንስፔክተር ትርፊት ፉከራ አትወድም። «ወንድነትህን ለሌላ ቀን አቆየው» ብላው ገባች።

«ከአንድ ሳህን ነው የበላነው» አለች እታለም እያለቀሰች። «እኔ፣ እሱ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሀብተሚካኤልና ሊሻን። ብመርዘው ሁላችን አናልቅም ነበር?»

ነገሩ ትርፊትን ከነከናት። አራት ሰው በልቶ አንድ ብቻ?

«ተጎራርሳችኋል?»

«እንዴታ! እኔ ሦስት፣ ሀብተሚካኤል ሁለት። ሊሻን ግን አንዴ አጉርሳው ከቤተ ሙከራ ለብሳው በመጣችው ጋውን ኪስ እጇን ጠርጋ ተነሣች። ‹ኧረ ድገሚው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል› ብላት እንቢ አለች። ወንድሟ ፈትሁዲን የሞተባት በቅርቡ ነው፤ ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት።»

በማግስቱ ትርፊት ጠናን ጨምሮ ሁሉንም ሟቹ ይመራው በነበረው ቤተ ሙከራ ሰበሰበች። ከብዙነህ ሞት ወዲህ ተቆልፎ የቆየ ቤት ነው፤ የሊሻን ጋውን እንደተሰቀለ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሊሻን ራሷ ያተመችው መስታወት ተቀምጧል፤ በላዩ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ፣ ብርሃን የሚያመነጩ የፕላስቲክ ሌዘሮች ታትመውበታል። ጉሎ የበሉ ከብቶችን ለመለየት የተሠራ ነው፤ መርዙ ሲጣበቅባቸው የብርሃናቸው ቀለም ይለወጣል።

«ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ የበሉት ሁሉ ደህና ናቸው» አለች ትርፊት። «መርዙ የገባው በጉርሻ ነው። ሚስትም ጓደኛም ደጋገሙ። የእኛ አገር ሰው አንድ አጉርሶ አይተውም፤ የተመረዘች አንዲት ጉርሻ ብቻ የያዘ ካልሆነ። ሀብተሚካኤል፣ የጋውኑን ኪስ የነከርንበትን ውሃ መስታወቱ ላይ ጠብ አድርግ።»

ሀብተሚካኤል ጠብ አደረገ። ኮምፒውተሩ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚያሳየው መስመር ከቦታው ተንሸራተተ፤ ኪሱ ውስጥ መርዙ ነበር።

ሊሻን አልካደችም።

«መስታወቱ አየ አይደል?» አለች። «ብዙነህ በሽታ ለመለየት በታተመ በዚሁ ዓይነት መስታወት ነው የፈትሁዲንን ደም መርምሮ ‹ጤነኛ ነህ› ብሎ የሰደደው። ሕትመቱ ተበላሽቷል ብዬ ለምኜው ነበር! ሥራውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ፊት እንዳያፍር ብሎ ወንድሜን ያለ ሕክምና ገደለው። ይሄኛውን ግን አሳምሬ ነው ያተምኩት።»

ጠና ተንደርድሮ ተነሣ።

«ምነው ጠና?» አለችው ሊሻን። «እኔ ቢያንስ የገደለብኝን ሰው አውቄ ነው የገደልኩት። አንተ ማንን ልትገድል ነበር የመጣኸው?»

ጠና ቆሞ ቀረ። እታለም ከጎኑ ነበረች፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።