የተፋቁት አስራ አንድ ዲስኮች

መምህር አለምሰገድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ተገንጥሏል። ቴሌቪዥኑ አለ። ማጫወቻው አለ። ሃርድ ዲስኩ የለም።

ከአርባ ኦሪጅናል የፊልም ዲስኮቹ አስራ አንዱ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። በሚስማር ተፍቀዋል።

«የዚህ የሲቀላ ሰፈር ሙቀትና አቧራ ሳይበላቸው ብዬ ነው ሃርድ ዲስክ ላይ የገለበጥኳቸው» አለ ለሳጅን ልክነሽ። «ቅንጣት ጥራት ሳልቀንስ። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ጨምሬ። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«በሁለት ዓመት ሚስት ትገኝ ነበር» አለች ሳጅኗ። «ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ይፍሩን። እሁድ እሁድ ሰፈሩ እኔ ጋ ፊልም ስለሚያይ ቪዲዮ ቤቱ ባዶ ሆኖበታል።»

ይፍሩ ደጃፉ ላይ ጠበቃት። «ፈትሺ። እኔ የዚያን ሰው ዕቃ አልነካም። ድሮ ዲስክ ሲያከራየኝ እንኳ እጅህን ታጠብ ይለኝ ነበር።»

ፈተሸች። የለም። የአስራ አንዱን ዲስኮች ሽፋን ዘረጋችለት።

«ያከራየህ የትኞቹን ነው?»

«እነዚህኑ ብቻ። በርናባስ ነው የተረጎማቸው።»

ሳጅኗ ሽፋኖቹን ሰበሰበች። ሌባ ዲስክ ይወስዳል እንጂ አይፍቅም። ያውም መርጦ።

በርናባስ በይፍሩ ቪዲዮ ቤት ማይክራፎን ይዞ ፊልም እየተረጎመ አስር ዓመት ከተማውን ያስለቀሰ ሰው ነው። አርብ ዕለት ጣቢያ ቀረበ፣ ኮት ለብሶ። መምህር አለምሰገድም አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ልክነሽ የአንዱን ሽፋን ጀርባ አሳየችው። «ይህን ተርጉምልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «የልጅቷ አባት ታሟል። ገዳዩ ወንድሟ መሆኑን ግን አታውቅም።»

«ዲስኩን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ ነው የሚለው።»

በርናባስ ሽፋኑን መለሰላት።

«እንግሊዝኛ አትችልም» አለች።

«ድምፅ አለኝ። ባለፈው እሁድ የመምህሩን ጽሑፍ አንብበው ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ወንድሟ ያልኩት የጥርስ ሐኪሟ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት አስሩ ከታዩ እዚህ ከተማ ማን ይሰማኛል?»

«ሃርድ ዲስኩስ?»

«አልጋዬ ሥር። ጫሞ ሐይቅ ልወረውረው ነበር።»

«ምን አገደህ?»

«መጨረሻቸውን ላውቅ ብዬ፣ ሳጅን። ኮምፒውተር ተውሼ ዘጠኙን አየሁ። አስረኛው ግማሽ ላይ እያለ ጠራችሁኝ።»

መምህር አለምሰገድ ከአግዳሚው ተነሳ። «የትኛው?»

«መርከብ ያለበት፣ ጋሼ።»

መምህሩ ጎንበስ አለለት። «ካፒቴኑ ነው የገደላት።»

በርናባስ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። መምህሩ እጆቹን አንድ በአንድ አነሳለትና ምክንያቱንም መንገር ጀመረ።