ትንግርት እና ባዶው መደርደሪያ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ቤት ነው፤ ካልተጠጋጋን አይበቃንም።

ታሪኩ ያሳዝናል። መሃል ላይ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ እኔም ሳወራው ሆዴ ይባባል።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል ብቻ! አልጋውም፣ ጠረጴዛውም፣ ምድጃውም እዚያው ናቸው።

እዚያ ቤት ትንግርት፣ እናቷ እና አባቷ ይኖሩ ነበር። ትንግርት አምስት ዓመቷ ነው።

ከአልጋው ፊት ለፊት ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ አለ። ያ መደርደሪያ የእማዬ ነበር።

ከላይ የሠርግ ፎቶ። መሃል ላይ ስድስት ባለ አበባ ብርጭቆዎች።

ከታች አፏ የተሸረፈ የሸክላ ዶሮ፣ አጠገቧ ደግሞ በማርማላታ ጠርሙስ የቆመ የፕላስቲክ አበባ። ከሁሉም ሥር እማዬ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ሁሉንም ታወርዳለች። አቧራውን እፍ! በጨርቅ ጠረግ! የተጣመመውን ቀና!

ትንግርትም ከሥር ከሥሯ ትላለች፦ እፍ! ጠረግ! ቀና!

«እማዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታሳምሪው?»

«እንግዳ ይመጣላ! ቤት ሲያምር እንግዳ ደስ ብሎት ይገባል» አለች እማዬ።

እውነትም እንግዳ ይመጣ ነበር። ኳ! ኳ! ኳ!

አንድ ቀን እማዬ ታመመች። ሆስፒታል ተኛች። ከዚያ ሞተች።

ለትንግርት ግን ማንም አልነገራትም።

ከፎቁ ሥር ድንኳን ተተከለ። ሰዎች ጥቁር ለብሰው መጡ። አባዬ ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ፎቶው ወረደ። ብርጭቆዎቹ ወረዱ። ዶሮዋም ወረደች፣ አበባውም ወረደ።

ሁሉም ካርቶን ውስጥ ገቡ። ካርቶኑም አልጋ ሥር ገባ። ቴሌቪዥኑ እንኳ ነጠላ ለበሰ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ለምን ያወርዱታል?» አለች ትንግርት።

«የሐዘን ቤት አያጌጥም፣ የኔ ልጅ። አርባ ቀን እስኪሞላ እንዲህ ነው።»

«እማዬስ የት ሄደች?»

እትዬ ደብሪቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ቀስ ብለውም፣ «እማዬማ ሩቅ አገር ሄዳለች» አሉ።

ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ። ለደግ ብለው ነው። ግን ውሸት ለደግም ቢሆን ውሸት ነው።

ትንግርት ቁጭ ብላ ጠበቀች። ኳ! ኳ! ኳ! «እማዬ!» ብላ ሮጠች።

እማዬ አይደለችም። አንድ ሽማግሌ ናቸው። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱም ኳ! ኳ! ኳ! «እማዬ!» እማዬ አይደለችም። የአባዬ ጓደኞች ናቸው።

በሦስተኛውም ቀን፣ በአሥረኛውም ቀን እማዬ አልመጣችም።

ትንግርት አሰበች። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ሲመለስ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ደስ የሚለው ቤት ሲያምር ነው።

መደርደሪያውን አየችው። ባዶ ነው። አቧራ ብቻ።

«አሃ! ለዚህ ነዋ እማዬ የቀረችው!» አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ጋራዥ ሥራ ሄዷል። የሚጠብቋት እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

ከታች አንድ ሰው «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ውሃ ከመጣ ማን ይቀመጣል? እትዬ ደብሪቱ ባልዲ አንስተው ወጡ። «ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ!»

ትንግርት ከቤት አልወጣችም። አልጋ ሥር ገባች እንጂ።

ካርቶኑን ጎተተችው። ዳንቴሉን አነጠፈች። እፍ! ጠረግ! ቀና!

ዶሮዋን አስቀመጠች። አበባውን አቆመች። እፍ! ጠረግ! ቀና!

አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት… ቿ!

ስድስተኛው ከእጇ አመለጠ። ወለሉ ላይ ተበታተነ።

ትንግርት በሩን አየት አደረገች። ዶሮዋን ከታች አንስታ በስድስተኛው ብርጭቆ ቦታ አቆመቻት። አሁን ቦታው ባዶ አይመስልም።

በርጩማ ላይ ወጣች። በእግሯ ጣት ቆመች። ፎቶውን ከላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ ቀዩን የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። ወንበሩን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«እማዬ! አምሯል፣ ግቢ!»

እማዬ አይደለችም። እትዬ ደብሪቱ ናቸው፣ ባልዲ ይዘው። ከኋላቸው ሊያጽናኑ የመጡ ሁለት ሴቶች አሉ።

ሴቶቹ መደርደሪያውን አዩ። ቀዩን ቀሚስ አዩ። እርስ በርሳቸውም ተያዩ።

«ኧረ በፈጣሪ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «አርባዋ እንኳ ሳይወጣ ቤቱ አጊጦ! ሰው ምን ይላል? ረሷት አይልም?»

ባልዲውን አስቀምጠው ብርጭቆዎቹን ማውረድ ጀመሩ።

«አያውርዱት!» ብላ ጮኸች ትንግርት። ቀሚሳቸውን ይዛ ጎተተች። «ባዶ ከሆነ እማዬ አትመጣም! አያውርዱት!»

እትዬ ደብሪቱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንደኛዋ ሴት ፊቷን አዞረች።

አባዬ ያኔ ከሥራ ገባ። ጢሙ አድጓል። እጁ ላይ የመኪና ግራሶ አለ።

ትንግርት ፊት ተንበረከከ። «ትንጉ፣ ማነው እማዬ ትመጣለች ያለሽ?»

«እትዬ ደብሪቱ ሩቅ አገር ሄዳለች አሉኝ።»

እትዬ ደብሪቱ አቀረቀሩ። «እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ። እውነቱን ልነግራት አንጀቴ አልችል አለ።»

«እኔም አልቻልኩም። መንገር የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ» አለ አባዬ።

የትንግርትን ሁለት እጆች ያዘ። «ስሚኝ ልጄ። እማዬ ሞታለች። ልቧ ቆመ። አሁን አያማትም፣ አይርባትም። የሞተ ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም።»

«መደርደሪያው በጣም ቢያምርስ?»

«ቢያምርም አትመጣም።»

«ሁሉንም ብርጭቆ ባጥብስ?»

«ብታጥቢም፣ የኔ እናት።»

«የሰበርኩት ብርጭቆስ? ስለሰበርኩት ነው?»

«አይደለም! አንቺ ምንም አላደረግሽም። አንቺ ምንም፣ ምንም አላደረግሽም።»

ትንግርት አላለቀሰችም። መደርደሪያውን ግን በጣም ተናደደችበት።

«እንግዲያው አልፈልግም!» አለች። ዶሮዋን ካርቶን ውስጥ ከተተች። አበባውን ከተተች። ብርጭቆዎቹን ከተተች። ዳንቴሉን ጠቅልላ ከተተች።

አባዬ ፎቶውን አወረደላት። እትዬ ደብሪቱ ስብርባሪውን ጠረጉ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉና የትንግርትን ራስ ሳሙ።

አርባ ቀን ሞላ። ድንኳን የለም። ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰፍቶ ታየ።

«አሁን ይቻላል» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «አሳምሩት።»

ትንግርት «አልፈልግም» ብላ ጀርባዋን ሰጠች።

አባዬ ብቻውን ካርቶኑን ከፈተ። ዳንቴሉን ገልብጦ አነጠፈው። አበባውን ከላይ፣ ፎቶውን ከታች አደረገው። ብርጭቆዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደራረባቸው።

ትንግርት በአንድ ዓይኗ ሰርቃ አየችው። ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባዬ፣ እማዬ አትመጣም ብለሃል። ታዲያ ለማን ነው የምታሳምረው?»

አባዬ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «ለኔ» አለ። «ከሥራ ስገባ ባዶ ሆኖ ሳየው ይከፋኛል። ማሳመር ግን አልችልበትም።»

ትንግርት አባቷን አየችው። ከስቷል። ዓይኑ ቀልቷል። ለካ እሱም ከፍቶታል፤ ለካ እማዬ እሱንም ናፍቃዋለች።

ተነሳች። «እንዲህ አይደለም፣ አባዬ! መጀመሪያ እፍ ነው።»

እፍ! አለች ትንግርት። እፍ! አለ አባዬ። አቧራው አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰው።

ጠረግ! አለች። ጠረግ! አለ። ቀና! አለች። ቀና! አለ።

ፎቶው ከላይ ቆመ። እማዬ ከፎቶው ውስጥ አየቻቸው። ያኔ ትንግርት አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ ትከሻዋ እስኪርገበገብ አለቀሰች።

አባዬም አቀፋትና አለቀሰ። «አታልቅሺ» አላላትም።

ከዚያ እራት በሉ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሁለቱም በሉት።

ትንግርት ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። ግን ዓይኗን አልከደነችም።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ስነሳ የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ። ቁርስ አብልቼሽ ጋራዥ እሄዳለሁ። ማታ እመጣለሁ።»

«ሩቅ አገር አትሄድም?»

«አልሄድም። የትም ብሄድ ደግሞ እውነቱን እነግርሻለሁ። አልዋሽሽም።»

ትንግርት የአባዬን ጣት ያዘች። ዓይኗንም ከደነች።