ግድግዳው እንዳይጫር

እማማ ተናኜ የሞቱት በሕግ ከተጠበቀ ደረጃ ላይ ወድቀው ነው። በእጃቸው ጨብጠውት የተገኘው የድረሱልኝ ቁልፍም በሕግ ከተጠበቀ ስልክ ጋር የተያያዘ ነበር። ደረጃው ደኅና ነው፤ አንድም ንጣፍ አልተሰነጠቀም።

ቤቱ እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ ከባሕሩ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ፣ ድሮ ሆቴል የነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ቅርስ ነው ተብሎ በሩ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ሰሌዳው ቤቱን ማን እንደሠራው፣ መስኮቱ ለምን ክብ እንደሆነ ይተርካል። ውስጡ ስለኖሩት የጎንደር ሴት ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተሰቦች ለጊዜው ተብለው ሰፍረውበት ነበር። ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ፎቆች ሲገባ፣ እማማ ተናኜ ብቻ «እሳቸው የሞቱበትን ቤት ጥዬ አልሄድም» ብለው ቀሩ። እሳቸው የሚሏቸው ባላቸውን ነው።

አስከሬኑን ያገኘችው በየጧቱ እየመጣች የምትረዳቸው አስታማሚ፣ ባንች ናት። በፎቁ ደረጃ ላይ በእንጨቱ ድጋፍ ፈንታ ለጊዜው የታሰረው የብረት ቧንቧ በላይኛው ጫፉ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አሮጊቷ ሲደገፉት ከድቷቸዋል። ሐኪሙ እንዳለው ወዲያው አልሞቱም፤ ብዙ ቆይተዋል። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቁልፉ የሚጠራው በቤቱ ስልክ በኩል ነው፤ ስልኩ ደግሞ ተቆርጧል። እንግዲህ እኚያ ሴት ማንም የማይሰማውን ቁልፍ ሲጫኑ ነው ያደሩት።

ፖሊስ ያደረገው ምንድን ነው? ባንችን አሰረ! የቤቱ ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው፤ የእጇ አሻራ ቧንቧው ላይ አለ፤ ብሎኑ የተፈታበት መፍቻም ከእሷ የጽዳት ባልዲ ውስጥ ተገኘ። የጣቢያው አለቃ በደስታ እጁን አፋተገ።

«አለቀ» አላት ለመርማሪ ትሁኔ። «አሮጊቷን አግባብታ ስልኩን አስቆረጠች፣ ከዚያ ብሎኑን ፈታች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ለምን ትገድላቸዋለች?»

«አስታማሚና አሮጊት! ተሰለቻችተው ይሆናላ።»

ትሁኔ በሱዳን በኩል በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ምላሷ የማይተኛ ሴት ናት። በጣቢያው የሚፈሯት ሰው ሲዋሻት ስለማትቆጣ ነው። ዝም ብላ ታዳምጠዋለች፤ የሚዋረደውም እሱ ነው።

ባንች በእስር ክፍሉ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ዐይኗ አብጧል።

«እትዬ ባንች፣ ስልኩ መቆረጡን አላወቅሽም ነበር?» አለቻት ትሁኔ።

«ከየት አውቄ፣ እህቴ? እማማ ሰው ዘንድ አይደውሉም። ስልኩ ለቁልፏ ብቻ ነው ያለ። አንገታቸው ላይ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። ‹ቢወድቁ ይጫኗት፣ ሰው ይደርስልዎታል› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ተጭነዋታል አይደል? እኔን አምነው ነው የተጫኑ።»

ትሁኔ ውኃ አቀበለቻት።

«ከቤት አብራችሁ ትወጡ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ወስጃቸው ነበር። ጸሐፊዋ የባልሽ ስም ማን ነው ብትላቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ሁልጊዜ እንዲያ ናቸው። እኔ ተናገርኩላቸው። ወረፋው ሲረዝም ደግሞ እኔን ‹ራበሽ ልጄ› ይሉኛል፣ ታማሚዋ እሳቸው ሆነው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እህቴ፣ እኔ እኮ ከታሰርኩ ልጆቼን የሚያይ የለም። ደግሞ ገዳያቸው ተብዬ ነው የምታሰር። እንዴት አድርጌ ነው ለቅሷቸው ላይ የምገኝ?»

«ትገኛለሽ» አለች ትሁኔና ወጣች።

የስልክ ድርጅቱ የላከው ሰው ኔሪያ ይባላል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተቀባ ጎረምሳ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ሰበከ።

«እኛ ደንበኛን እንጠብቃለን። በመመሪያው መሠረት የአረጋዊ ሰው መስመር ደንበኛው በገዛ ድምፁ ካልፈቀደ አይቆረጥም። ማንም እንዳያጭበረብር ባለፈው ሳምንት መልሰን ወደ ቤቷ ስልክ ደወልን፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን፣ ፈቃዷን ቀዳን።»

«መስመሩ ላይ የድረሱልኝ ቁልፍ መኖሩንስ አልጠየቃችሁም?»

«መመሪያው ያንን ጠይቁ አይልም።»

«ጉድ ነው!» አለች ትሁኔ። «ሴትዮዋ እንዳትታለል ይህን ሁሉ ለፋችሁ፣ እንዳትሞት ግን መመሪያ አልወጣላችሁም። እስቲ አሰማኝ።»

ከላፕቶፑ የደከመ የአሮጊት ድምፅ ወጣ፤ በየመኻሉ ያስላል። «አዎ ልጄ፣ ይቆረጥልኝ። ማን ይደውልልኛል ብዬ?» አስተርጓሚው መስመሩ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። «በባለቤቴ፣ በብዙዓየሁ ስም ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ድገመው» አለች ትሁኔ።

ደገመላት። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«ጥራቱ አንደኛ ነው» አለ ኔሪያ በኩራት።

«አንደኛ ነው። ዛሬውኑ መስመሩን ቀጥሉልኝና ቀትር ላይ እቤቱ እንገናኝ።»

ትሁኔ ቤቱ ስትደርስ ሁለት ሰዎች ቀድመዋታል። አንደኛው ጋድ ነው፤ የቤቱን እድሳት የሚመራው አርክቴክት፣ ነጭ የበፍታ ሸሚዝ የለበሰ፣ ስለ ድንጋይ ሲያወራ ዐይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው። ሁለተኛዋ ኦፍሪ ናት። ወላጆቿ ከጎንደር ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወለደች። ሥራዋ በአሮጊቶቹና በቢሮዎቹ መካከል ማስታረቅ ነው። እማማ ተናኜ ቤቱን እንዲለቁ እንድታግባባቸው የእድሳቱ ባለቤቶች ቀጥረዋት ነበር። አዛውንት ቢሰሟት የሚመርቋት ዓይነት አማርኛ አላት።

ትሁኔ የወረቀት ስኒዋን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። ጋድ እንደተነደፈ ሰው ብድግ አለ። ስኒውን አነሣ፣ ከቦርሳው ወፍራም አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ አውጥቶ ከሥሩ አነጠፈ፣ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«ይህ ድንጋይ የተጠረበው መንግሥት ሳይቋቋም ነው» አለ በዕብራይስጥ።

«እማማ ተናኜም ያኔ ገደማ ነው የተወለዱት።»

«አዎ፣ ያሳዝናል። ግን ደረጃዋን እይያት! ኦሪጅናሉ የእንጨት ድጋፍ በሺሙር ሕግ...» ሺሙር የሚሉት ቅርስ መጠበቁን ነው፤ ጋድ ቃሉን የሚጠራው እንደ ጸሎት ነው። «...መጠገን ስላለበት ወደ አናጢ ሄደ። ለጊዜው ቧንቧ አሰርንላት። ምን ጎደለባት?»

«ቤቱን መልቀቅ ነበረባቸው?»

«ሰው እያለበት እድሳቱ አይጀመርም። ሕጉ እሷንም ይጠብቃል።» ሳቀ። «ሁሉንም ሰው ይጠብቃል!»

ትሁኔ ደረጃውን ወጣች። የቧንቧው ታችኛ ጫፍ የታሰረበት ግድግዳ ሠራተኞቹ ሲያጠብቁት በመፍቻ ተሞነጫጭሯል። ብሎኑ የተፈታበት የላይኛው ጫፍ ግን ንጹሕ ነው፤ ጭረት የሚባል የለበትም። ቦታው ጠባብ ነው፤ መፍቻው ግድግዳውን ሳይነካ አይዞርም። ከኪሷ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገውን መፍቻ አውጥታ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ጥርሱ መሐል ደቃቅ አረንጓዴ ክር ነበር። አለቃዋ ይህን አላየም፤ እሱ ያየው ባልዲውን ነው።

ስትወርድ ኦፍሪ ጠበቀቻት። «በጣም አዘንኩ፣ እህቴ» አለች በዚያ በሚያምር አማርኛዋ። «ለእኔ እንደ አያቴ ነበሩ። ቁጭ ብለን ስንጫወት ሁሌ ‹ብዙዓየሁ ከሞተ ወዲያ ስልክ ለምኔ› ይሉኝ ነበር። ስልኩን ያስቆረጡት ከሐዘን ነው።»

«እንዲህ ነው ያሉሽ? በእነዚህ ቃላት?»

«እነዚሁን ቃላት።»

«ተባረኪ» አለች ትሁኔ። ወደ ክሊኒኩ ደወለች፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃ ዘጋች።

ቀትር ላይ ሁሉም ከደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። አለቃው ሰዓቱን ያያል፣ ኔሪያ ላፕቶፑን አቅፏል፣ ጋድና ኦፍሪ ጎን ለጎን ቆመዋል። ባንች በካቴና ታስራ ወለሉን ታያለች፤ የወደቁበትን ቦታ።

«ከስልኩ እንጀምር» አለች ትሁኔ። «ኔሪያ፣ አሰማቸው።»

ድምፁ ተሰማ። ‹በብዙዓየሁ ስም ነው› ሲል ባንች በድንገት ቀና አለች።

«ይሄ እማማ አይደሉም!» ብላ ጮኸች። «ከየት መጥቶ! እማማ የባላቸውን ስም አይጠሩም! ሞተው እንኳ ‹እሳቸው› ናቸው!»

«አያችሁ» አለች ትሁኔ። «በእኛ አገር እንደ እማማ ያለች ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታነሣም። እናቴም አታነሣም። እኔ ዳኛ ፊት ስፈታ የባሌን ስም ጮክ ብዬ ስጠራ እናቴ ያፈረችው በፍቺው ሳይሆን በስሙ ነው። ስለዚህ ይህ ድምፅ የሌላ ሰው ነው። ባንች ብትሆን ይህን ስሕተት አትሠራም፤ ክሊኒክ ጎሸም የሚያደርጓት እሷን ነው። ደግሞም እሷ የውሸት ድምፅ ምን ያደርግላታል? እውነተኛዋን አግባብታ ማናገር ትችል ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ አለቃው።

«ድርጅቱ የደወለው ወደ ቤቱ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ደዋዩን ያነጋገረችው ሰው እዚህ ውስጥ ነበረች። በዚያው ሰዓት እማማና ባንች ክሊኒክ ወረፋ ላይ እንደነበሩ ነርሷ ነግራኛለች። ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው የእድሳቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። የአሮጊት አማርኛ አሳምራ የምትናገር፣ የሟቹን ባል ስም ግን ከወረቀት ያወቀች ሴት ማን ናት? ዛሬ ጧት ‹ብዙዓየሁ ከሞተ ወዲያ› ይሉኝ ነበር ብላ ያረጋገጠችልኝ ናት።» ወደ ኦፍሪ ዞረች። «እንደ አያቴ ነበሩ አልሽኝ። ድምፃቸውን፣ ሳላቸውን ሁሉ ወሰድሽ። አንድ ቀን ግን አላዳመጥሻቸውም።»

ኦፍሪ ወደ ጋድ አየች፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

«አሁን ወደ ቧንቧው» አለች ትሁኔ። «ባንች ብትፈታው ግድግዳው ለእሷ ምኗ ነው? ትሞነጫጭረው ነበር። ይህን ብሎን የፈታው ሰው ግን ሰው ሊገድል መጥቶ፣ ግድግዳው እንዳይጫር ከመፍቻው ሥር ጨርቅ አነጠፈ። አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ። ክሩ ባንች ባልዲ ውስጥ በጣለው መፍቻ ላይ ቀርቷል። ጋድ፣ ቦርሳህን ክፈት።»

«ይህ ቀልድ ነው» አለ ጋድ።

አለቃው ራሱ ከፈተው። ከጨርቆቹ አንዱን ዳሩ ላይ የመፍቻ ጥርስ በልቶታል።

«አልጣልከውም» አለች ትሁኔ። «ደኅና ጨርቅ ነዋ፤ እንደ አሮጊት አይጣልም።»

ኦፍሪ ፈነዳች። «ስልኩን ብቻ አስቆርጪ ነው ያለኝ! ስልኩ ሲቆረጥባት ተማርራ ትሄዳለች አለኝ! ስለ ቧንቧው አልነገረኝም! እምልልሻለሁ!»

«አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አላየሽም?»

ኦፍሪ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ጋድ ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ እንኳ ድምፁን አልቀየረም። «እሷ እኮ ነገም ከነገ ወዲያም ትሞት ነበር» አለ። «ይህ ቤት ግን መቶ ዓመት ይቆማል። ምስማር የምትመታው፣ ልብስ የምታሰጣው እዚህ ክቡር ግድግዳ ላይ ነበር! ማንም አላስቆማትም!»

«እንግዲህ አንተ አስቆምካት» አለች ትሁኔ። «ውሰዱልኝ። ሲያልፍ ግድግዳውን እንዳይነካው።»

የባንች ካቴና ተፈታ። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ አለቃው ስልኩን እየነካካ ወጣ። ትሁኔ ወደ ቤትሽ ልውሰድሽ ብትላት ባንች እምቢ አለች። ለቅሶው የሚቀመጠው እዚሁ ነው፣ ክፍላቸው ሳይጠረግ ሰው አይገባም አለች። ሁለቱ ሴቶች ቧንቧ በሌለው ደረጃ ግድግዳውን በሙሉ መዳፋቸው እየተደገፉ ወጡ።

ባንች አልጋውን እያነጠፈች ሳለ፣ አዲስ የተቀጠለው ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ። ባንች አነሣችው።

በዕብራይስጥ የምታወራ ደስተኛ ልጅ ናት። ከስልክ ድርጅቱ ነው የምትደውለው፤ መስመርዎ እንደገና ስለተቀጠለ፣ በደንበኛ ጥበቃ መመሪያው መሠረት በአገልግሎቱ መርካትዎን መጠየቅ አለብን አለች። «አቶ ብዙዓየሁን ማነጋገር እችላለሁ?»

ባንች ቀስ ብላ ተነፈሰች።

«እሳቸው የሉም» አለች።

«ባለቤታቸውስ? መልሳ እንድትደውል ይነግሩልኛል?»

ባንች የተነጠፈውን አልጋ አየች፤ ከዚያ በምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የአሮጊቷን ነጠላ አየች።

«ደውለዋል እኮ፣ ልጄ» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ደውለዋል።»

ስልኩን አስቀመጠችና መጥረጊያዋን አነሣች።