ለአንድ ሰው የተቀዳ ውሃ

በያጁ የጓደኛውን የመካኒኩን ሬሳ እየጎተተ ከውጭ በበሩ ገባ። መካኒኩን ወለሉ ላይ አጋደመው፤ የራስ ቁሩን አወለቀለትና አጠገቡ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሐኪሟ ደህናውን እጇን ከሟቹ አንገት ሥር አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አየር አልቆበት ነው» አለች።

ካፒቴኑ ክው አለ። ዓይኑን የተከለው ግን ሬሳው ላይ ሳይሆን በያጁ ላይ ነበር። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

መንኮራኩሯ አየር በሌለው በዚህ ዓለት ላይ ከተከሰከሰች ወዲህ በሕይወት የተረፉት አምስት ነበሩ፤ አሁን አራት ሆኑ። በያጁና መካኒኩ በየቀኑ እየወጡ የተሰነጠቀውን የመንኮራኩሯን ግድግዳ ይበይዱ ነበር። መርማሪዋ ከፖሊስ ሥራ ጡረታ ወጥታ ልጇን ልትጠይቅ የተሳፈረች መንገደኛ ናት። ጡረታው ለእግሯ እንጂ ለዓይኗ አልሆነም። ሟቹ ጀርባ ላይ ያለው የአየር ሲሊንደር ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የበያጁ ቀለም ነው፤ የመካኒኩ ቀይ። ሰው ለሥራ ሲወጣ በየኩባያው ውሃ ተቀድቶ በሩ ላይ ይጠብቀዋል፤ የመንኮራኩሯ ልማድ ነው። የሟቹ ቀይ ኩባያም እስከ አፉ ሞልቶ ተሰቅሏል። ከጎኑ የበያጁ ሰማያዊ ኩባያ በአፉ ተደፍቷል።

«ሲሊንደሮቹ ተለዋውጠዋል!» ብሎ ጮኸ ካፒቴኑ። «ባዶውን አሸክሞት ሙሉውን ራሱ ይዞ ወጣ። ነፍሰ ገዳይ ከእኛ ጋር አየር አይካፈልም። አሁኑኑ በውጭው በር ይውጣልኝ!»

«ይወጣል፤ በር የት ይሄዳል?» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ግን ልጠይቀው።»

በያጁን ወደ ጥግ ወሰደችው። ልጁ እጁ ላይ የቀረውን ጓንት እንኳ አላወለቀም።

«ልጄ፣ ሲሊንደሩን ማን ለወጠው?»

«እሱ።»

«ለምን?»

«ከተከሰከስን በኋላ መጀመሪያ የወጣን ዕለት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እማማ። ሳቀብኝ። ‹ፍርሃትህ ያለው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው፤ አምጣ እኔ ልሸከምልህ› አለና የራሱን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ውጭኛው በር ላይ ስንደርስ ሁሌ እንለዋወጣለን፤ ስንመለስ ደግሞ እዚያው መልሰን እንቀያየራለን።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። ፈሪ እንዳይሉኝ ብሎ ደበቀልኝ።» እንባው ያን ጊዜ መጣ። «የእኔን ሞት ነው የተሸከመልኝ አይደል?»

መርማሪዋን አንጀቷን በላት፤ ግን ለማጽናናት ጊዜ አልነበራትም።

ሰማያዊውን ሲሊንደር አገላብጣ አየችው። የአየሩን መጠን የሚያሳየው የጌጁ ቀስት «ሙሉ» የሚለው ላይ ቆሟል። ብትመታውም፣ ብትነቀንቀውም አይንቀሳቀስም። በጥፍሯ ስትፍቀው ቀስቱን ያጣበቀው የደረቀ ሙጫ ተላጠ።

«የቁስል ሙጫ ነው፤ የእኔ» አለች ሐኪሟ ሳትጠየቅ። «ግን ሣጥኑ ቁልፍ የለውም፣ እትዬ። ማንም እየገባ ይወስዳል።»

«ከመካኒኩ ጋር አትነጋገሩም ነበር» አለች መርማሪዋ።

ሐኪሟ በፋሻ አንገቷ ላይ የታሰረውን ክንዷን አየች። «ከፍርስራሹ ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣኝ ሰበረኝ። እስከ ትናንት ስሰድበው ከረምኩ። ያዳነኝን ሰው!» ፊቷን አዞረች።

መርማሪዋ ካፒቴኑን የጠየቀችው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

«እርዳታ እስኪደርስ ይበቃናል?»

«ለአምስት አይበቃም ነበር። ለአራት፣ በጭንቅ።»

«ለሦስትስ?»

«ይተርፋል» አለ ካፒቴኑ ቶሎ።

መርማሪዋ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። እሷ ብቻ ቆመች።

«ሲሊንደሩን ያጎደለው ሰው ሰማያዊውን የመረጠው በያጁ ይሸከመዋል ብሎ ነው። መለዋወጣቸውን አያውቅም። መሞት የነበረበት ይሄ ልጅ ነው።»

«ይሄ የእሱ ወሬ ነው!» አለ ካፒቴኑ። «ራሱ አጉድሎ ራሱ ለወጠ!»

«እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር፤ ኩባያዎቹን ባላይ።» ወደ በሩ አመለከተች። «ሁለት ሰው ወጣ፤ ውሃ የተቀዳው ለአንድ ነው። የቀዳው ሰው ከሁለቱ አንዱ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር። ውሃ ብርቅ ነው፤ እጁ ለሞተ ሰው መቅዳት አሳሳው። ግን ሟቹን ተሳሳተ። ለመካኒኩ ቀድቶ፣ የበያጁን ኩባያ ደፋው።»

መርማሪዋ ወደ ካፒቴኑ ዞረች።

«በያጁ ውጭ ነበር። እኔን ሬዲዮው ጋ ያስቀመጡኝ እርስዎ ነዎት፣ ካፒቴን። ቧንቧው ከአደጋው ወዲህ ስለጠበቀ ካለ ሁለት እጅ አይከፈትም፤ ሐኪሟ ደግሞ አንድ እጅ ነው ያላት። የቀረው ማነው? በያጁ በሕይወት ሲገባ ክው ያሉትስ ለምንድን ነው?»

የካፒቴኑ ፊት አመድ መሰለ። ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ኩባያዎቹን ሲያይ ግን ትከሻው ወረደ።

«ብየዳው ዛሬ ያልቃል ብዬ ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ በያጅ ምን ይሠራልናል? መካኒኩን ግን እንዴት እነካለሁ? የአየር ማጣሪያውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው! አራት ነፍስ ላተርፍ ነበር…»

ግድግዳው ውስጥ ማጣሪያው እንደ ሽማግሌ አስነጠሰ። ሁሉም ቀና ብለው አዳመጡት። ቆም ብሎ፣ እንደገና ተነሣ።

«ማጣሪያውን ሲጠግን አይቻለሁ፤ መብራት የምይዝለት እኔ ነበርኩ» አለ በያጁ በዝግታ። «እሞክረዋለሁ። ግን ግድግዳው አላለቀም። የብየዳው ስፌት ዛሬ ካልተዘጋ ማጣሪያው ቢሠራም ዋጋ የለውም።»

ብቻውን የሚወጣ ሰው የለም፤ ገመዱን የሚይዝለት ያስፈልጋል። ሐኪሟ ክንዷ ተሰብሯል። የመርማሪዋ ጉልበት ከበሩ አያሳልፋትም። በያጁ ይህን አስቦ ሲጨርስ ዞሮ ካፒቴኑን አየው። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው።

«ተነሥ። ልብስህን ልበስ።»

«እንዴት ታምነኛለህ?»

«አላምንህም። ሲሊንደሬን ሙላ።»

የሚወጡት ሁለቱ የአንዱን ሲሊንደር ሌላው ይሞላል፤ የመንኮራኩሯ ሕግ እንደዚያ ነው። በሁለቱ ሴቶች ፊት ሞሉ። ውጭኛው በር ላይ ሲደርሱ የካፒቴኑ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲሊንደሩን ከጀርባው አውርዶ ለበያጁ ዘረጋለት።

«እንለዋወጥ።»

«አይሆንም» አለ በያጁ። «ያንን የሚያደርገው ወዳጅ ነው። የሞላሁልህን ተንፍስ።»

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

መርማሪዋ ቀዩን ኩባያ አልነካችውም። ሰማያዊውን አቅንታ ከቧንቧው ሥር አኖረችው፤ በሁለት እጇ ጠምዝዛ ሞላችው። ከዚያ የካፒቴኑን ኩባያ አነሣች። ሐኪሟ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። መርማሪዋ ባዶውን ኩባያ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ከዚያ እሱንም ሞላች፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በሩ ላይ ሰቀለቻቸው።