የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ

ሟቹ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ከወንበሩ ኋላ፣ ምንጣፉ ላይ፣ አንድ ትልቅ አሮጌ ስፒከር በጎኑ ተጋድሟል። ከበላዩ የእንጨት መደርደሪያ አለ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን ባጭሩ ቋጭቶታል።

«ስፒከሩ ከላይ ተንሸራቶ ማጅራቱን መታው። አደጋ ነው።»

መርማሪዋ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ከቸኮለ ሰው ጋር መከራከር ትታለች። መደርደሪያውን በመዳፏ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም። አቧራው ላይ ስፒከሩ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠርቶ ይታያል፤ የመንሸራተት ጭረት ግን የለም። ከዚያ ገመዱን አየችው። ስፒከሩ በራሱ ወድቆ ቢሆን ገመዱ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ አብሮ ይጎተታል። ይኼኛው ግን ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አጠቀላለሉም የዋዛ አይደለም፤ አንዱ ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩ ወደ ውጭ፣ እንዳይጠማዘዝ ታስቦ።

የኮምፒውተሩ ስክሪን ጠፍቶ ነበር። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ አበራችው። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሯል። አጫወተችው። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጠረጴዛው ላይ ከበሩት ትንንሽ ስፒከሮች ግን ድምፅ አይወጣም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። ጭጭ። ሥራው ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ትናንት አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ክፍሉን ቆልፋ ወጣች።

ስቱዲዮው የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ሟቹ ታላቁ ነው፤ የተቀዳን ዘፈን አመጣጥኖ ለጆሮ እንዲጥም ማድረግ ያውቅበታል። ታናሹም ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይሁንና አሥር ዓመት ሙሉ በሩን ያንኳኳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትልቁ የሉም?» ብሎ ነው። ጠዋት አስከሬኑን ያገኘውም ታናሹ ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል።

«በሩን ከፈትኩ፣ አየሁት፣ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ» አላት። «ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገባሁም። እዚያው ሆኜ ለፖሊስ ደወልኩ።»

«ትናንትስ ተገናኝታችሁ ነበር?»

«አልተገናኘንም። ራሴን አሞኝ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከትናንት በስቲያ ምሳ ላይ ከተለያየን ወዲህ በስልክም አልተነጋገርንም።»

«ተኳርፋችሁ ነው?»

«የሥራ ክርክር ነው። ጋሼ ዘፈን የሚያመጣጥንበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሌላ ነው፣ የኔ ሌላ። የየትኛው ድምፅ ይበልጣል የሚል የሞኝ ነገር።» ወደ መሬት አቀረቀረ። «ለነገሩ ምንም ልዩነት የላቸውም። እስከ መጨረሻዋ ፍንጣሪ አንድ ናቸው።»

የሟቹ ሚስት ዘፋኝ ናት። መቅጃው ክፍል ውስጥ፣ በማይክራፎኑ ትይዩ፣ ነጠላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ባሏ ሥራ ሲበዛበት እዚያው ስለሚያድር ትናንት ማታ ባይመጣም አላሰጋትም ነበር።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልምምድ ላይ። ኪቦርድ ተጫዋቹም አብሮኝ ነበር። ሰው ስለኔና ስለሱ ምን እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ ከነከበሮ መቺው አምስት ነበርን፣ ይጠይቋቸው።»

«ወንድማማቾቹ በፕሮግራም ይጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ከትናንት በስቲያ ቤቴ ምሳ ጠርቻቸው ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ተነታረኩ። ባለቤቴ ‹ሁሉም ፕሮግራም ያው ቁጥር ነው የሚደምረው፣ ድምፁ አንድ ነው› ይላል። ታናሽየው ደግሞ ‹ያንተ ይሞቃል፣ የኔ ይደርቃል፤ እኔም ያንተ ቢኖረኝ አንተን እሆን ነበር› ብሎ ማለ።»

«ታዲያ የወንድሙን ለምን አልወሰደም?»

«እሱን እኮ ነው የማይገባኝ። ሦስት ጊዜ ‹ልጫንልህ› ብሎታል። ሦስቴም እምቢ አለ።»

መርማሪዋ ይህን መልስ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኮሪደሩ ላይ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። የሚያወራው ገመዱን በመዳፉና በክርኑ ዙሪያ እየጠቀለለ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጠቀልል ይመስላል።

«እኔን ቢጠረጥሩኝ አልፈርድብዎትም» አለ ሳትጠይቀው። «ድሮ እወዳት ነበር። እሱን መረጠች። አብረው ሲስቁ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ከክፍሉ እወጣለሁ። ግን ትናንት ከሷና ከጓደኞቻችን አልተለየሁም።»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ክፍል አስገብታ ስክሪኑን አሳየችው። «ይኼ ለምንድነው ድምፅ የማያወጣው? ተበላሽቶ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «አልተበላሸም። አንዱ ቅጂ በሱ ፕሮግራም የወጣ ነው፣ ሌላው በታናሹ። የአንደኛውን የድምፅ ሞገድ ላዩን ታች አድርጎ ገልብጦታል። ይኼኛው ሲገፋ ያኛው ይስባል። አብረው ሲጫወቱ አንድ ዓይነት የሆነው ሁሉ ይጠፋፋል፤ የሚሰማው ልዩነታቸው ብቻ ነው።»

«ምንም አይሰማም እኮ።»

«ምንም ልዩነት የላቸውማ። እኔም እስከ ዛሬ የታናሹን ወሬ አምኜ ነበር።»

ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ትናንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን ደውሎ አረጋገጠ። የልምምዱ ጓደኞችም የሁለቱን ቃል አጸኑ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ የሟቹ ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

«ይኼ አደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ስፒከሩ ከመነሣቱ በፊት ገመዱ ተነቅሏል። የነቀለው ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁ ልማዱን ሠራ፤ ገመዱን እንደ ባለሙያ ጠቀለለው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በክርኑ ነው የሚጠቀልለው፤ ዛሬ አይቼዋለሁ። እርስዎስ?»

ታናሹ ትከሻውን ነቀነቀ። «በውስጥና በውጭ። ጋሼ ነው ያስተማረኝ። እሱም እንደዚያው ነው የሚጠቀልለው፤ ራሱ ነቅሎት ይሆናላ።»

«ይሆናል። በገመድ ብቻ ሰው አልከስም። ጠዋት ሁለቱ ፕሮግራሞች ልዩነት የላቸውም አሉኝ። ከትናንት በስቲያ ግን በእኚህ ሴት ማዕድ ላይ ልዩነት አላቸው ብለው ምለዋል። አሥር ዓመት ያመኑትን በሁለት ቀን ማን አስጣለዎት? ማስረጃው ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ተሠርቶ ያለቀው ደግሞ ትናንት አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።»

«ጠዋት ስክሪኑን አይቼ ነው።»

«ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ያበራሁት እኔ ነኝ። ቢበራም ሥዕሉ አይናገርም፤ ተጫውቶ ዝም ማለቱን መስማት ያስፈልጋል። እርስዎ ከበሩ አላለፍኩም ብለዋል። በስልክም አልተነጋገርንም ብለዋል። እንግዲያው ያንን ዝምታ የሰሙት ትናንት፣ ወንድምዎ በሕይወት እያለ፣ እዚህ ቆመው ነው።»

ታናሹ ወደ በሩ ዞረ፤ ፖሊሱ እዚያ ቆሟል።

«ለምን እንደሆነም ልንገርዎት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ሲሰጥዎት እምቢ ያሉት ቢወስዱት ምክንያት ስለሚያጡ ነው። ወንድምዎ የሚበልጥዎት በፕሮግራሙ እስከሆነ ድረስ መኖር ይችሉ ነበር።»

ሰውየው ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

«ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ክፍሌ ነበርኩ» አለ። «ጠራኝ። አጫወተው፣ ዝም አለ። ‹አየህ፣ ፕሮግራሙ አይደለም› ብሎ ፈገግ አለ። ወደ ሥራው ዞረ። ፕሮግራሙ ካልሆነማ እሱ ነው። ከኋላው ቆሜ ‹ታዲያ እኔ ምንም አልረባም ማለት ነው?› ብዬ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም። ደግሜ ጠየቅኩት። እንደ ዕቃ ቆጠረኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ከዚያ ገመዱን ነቅዬ ስፒከሩን ሳነሣ እጄ የኔ አልነበረም።»

ዘፋኟ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሆስፒታል ወረቀት ነበር።

«ባለቤቴ ማንም እንዳይሰማ አስምሎኝ ነበር» አለችው ታናሹን። «ጆሮው እየሞተ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ በዚህ ሥራ አትቀጥልም አለው። አልበሜን ለማን ልስጥ ስለው ያንተን ስም ጠራ። ‹በለመደው ፕሮግራም ይሥራው፤ ያንስብኛል ብሎ እንዳይፈራ ልዩነት እንደሌለው ዛሬ አሳየዋለሁ› ብሎኝ ነው ትናንት ከቤት የወጣው።»

«አልነገረኝም።»

«መች አስጨረስከው?»

ወረቀቱን ተቀበላት። አንድ ጊዜ አነበበው፤ ተመልሶ ከላይ ጀመረ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ቢጠጋም መርማሪዋ በእጇ አቆመችው።

«ሙሉ በሙሉ የደነቆረው የትኛው ነው?» አለ ታናሹ፣ ቀና ሳይል።

«ግራው።»

ሰውየው ወንበሩን አየ፤ ከወንበሩ በስተግራ ኋላ፣ ትናንት የቆመባትን ጠባብ ቦታም አየ።

«በቀስታ ነበር የጠየቅኩት» አለ። «ላለመጮኽ ብዬ።»

ከዚያ በኋላ እጆቹን ራሱ ዘረጋ።