ከሳጥኑ በላይ የቀረው ድምፅ

እንየው በገዛ ስቱዲዮው ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ፣ ቀጣሪውን ገደለ ተብሎ የታሰረው የድምፅ ቴክኒሻኑ ክንዴ ነው። ዛሬ በካቴና አምጥተው የዱሮ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሟቹ መታፈን ስለማይወድ መስኮቷን ከፍቶ ነበር የሚቀዳው፤ ዛሬ ግን ተዘግታለች፣ ክንዴም ትንፋሽ አጠረው። ከኋላው የሟቹ ሚስት ሶስናና ታናሽ ወንድሙ ኪዳኑ ቆመዋል።

«እንየው ሲገደል መቅጃው እየሠራ ነበር» አለች መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘውድነሽ። «ንግግሩ ግን ተሰርዟል። በዚህ ሶፍትዌር መሰረዝ የሚችል ማነው?»

«እኔ...» አለ ክንዴ። አለቀልኝ፣ አለ በሆዱ።

«ሌላስ?»

«ኪዳኑን አስተምሬው ነበር።»

«እኔ የዚያን ቀን ጫግኒ ነበርኩ!» አለ ኪዳኑ ቱግ ብሎ። «በሚኒባስ ሄጄ በሚኒባስ ነው የተመለስኩት!»

«አንተ ገዳይ! ደግሞ በሰው ታላክካለህ?» አለች ሶስና ክንዴን።

«የድምፁን ሥዕል ክፈተው እስቲ» አለች ዘውድነሽ።

ስፔክትሮግራሙ ስክሪኑን ሞላው። ወፍራም ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ የሚታይበት ሥዕል ነው። ከታች፣ የሰው ንግግር በሚያርፍበት ቦታ፣ ባዶ ሳጥን ተቆርጦ ወጥቷል።

«ለምን ከላይ እስከ ታች አልጠፋም?»

«እንደዚያ ከሆነ ጭር ይላል፣ ጆሮ ወዲያው ይነቃበታል። እኛ ሳል እንኳ ስናጠፋ እሷን ብቻ በማውስ ከበን ነው። የማስተምረውም እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው ከሳጥኑ በላይ ያለውን ብቻ ምረጥና አሰማን።»

ክንዴ በታሰሩ እጆቹ ማውሱን ጎተተ። የፈረስ ቃጭል ተንጫረረ! ከቃጭሎቹ አንደኛው የተሰነጠቀ ነው፤ መስመሩም ሥዕሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል።

ዘውድነሽ ስልኳን አቀበለችው። «ይህን ዛሬ ጠዋት ኪዳኑ ደጅ ቀዳሁት።»

ክንዴ የዚህንም ሥዕል ከፍቶ ከፊተኛው ሥር ደረደረው። ያው መስመር፣ ያው ስንጥቅ።

«በሚኒባስ የሄደ ሰው፣ ፈረሱ እዚህ መስኮት ሥር ምን ይሠራል?» አለች ወደ ኪዳኑ ዞራ። «ከአንተ በቀር ማንንም እንደማያስጠጋ ጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል። ለፈረሰኞቹ በዓል በቃጭል ሸልመኸው መጣህ። ቃጭሉን ስትሰማ ውለህ ስለምታድር ጆሮህ አለፈው፤ የጠባችሁን ንግግር ብቻ ከበህ ሰረዝክ።»

«የአባታችንን ፈረስ!» ጮኸ ኪዳኑ። «ያውም በዓሉ ሲደርስ፣ ዳንግላ ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ ይለኛል?»

ካቴናው ከክንዴ እጅ ወደ ኪዳኑ እጅ ተዛወረ። ክንዴ እፎይ ሊል ሲል ሶስና ትከሻውን ያዘችው።

«ክንድዬ፣ ስለ እመብርሃን ይቅር በለኝ። የተሰረዘውን መልስልኝ። የመጨረሻ ድምፁን ልስማው።»

ክንዴ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። እንባው መጣ።

«አይመለስም፣ እትዬ» አላት። «ደህና አድርጌ ነው ያስተማርኩት።»